የመሥራቹ ወንበርና የኩባንያው ትርፍ፦ የታይላንዱ ሺን ኮርፖሬሽን የጉዳይ ጥናት

ይህን ጉዳይ ለምን መረጥኩት

የኩባንያ ባለቤት ወይም ሥራ አስፈጻሚ ፖለቲካ ውስጥ ሲገባ ኩባንያው ይጠቀማል ወይስ ይጎዳል? ጥያቄው ሲነሳ አንዱ ወገን ባለሥልጣን ያለበት ድርጅት መቼም አይከስርም ይላል፤ ሌላው ደግሞ ነጋዴ ንግዱን ትቶ ሥልጣን ካሳደደ ሁለቱንም ያጣል ይላል። ክርክሩ ብዙ ጊዜ የሚቆመው እዚያው ላይ ነው፤ ምክንያቱም ትርፉ ከፖለቲካው መጣ ወይስ ከገበያው የሚለውን ለይቶ የሚያሳይ መረጃ እምብዛም አይገኝም።

የስልክ፣ የሳተላይትና የቴሌቪዥን ንግዶች የነበሩት የሺን ኮርፖሬሽን ጉዳይ ከሌሎች የሚለየው በዚህ ነው። መሥራቹ ከ2001 እስከ 2006 የታይላንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ነበር። ኩባንያው በዚያ ዘመን በአክሲዮን ገበያ የሚሸጥና ሒሳቡን ለሕዝብ የሚያሳውቅ ነበር። በመጨረሻም ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ዳኞች ከባለቤቶቹ ሀብት ውስጥ ምን ያህሉ በሥልጣን ዘመን እንደተገኘ በቁጥር አስቀመጡ። እንዲህ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሊታይ የሚችል ጉዳይ ጥቂት ነው።

ግለሰቦቹን በስም አልጠራም። የምጽፈው ስለ አሠራሩ ስለሆነ መሥራቹ፣ ቤተሰቡ፣ ገዢው እያልኩ እቀጥላለሁ። ዓመቶቹ፣ ወሮቹና ቀኖቹ በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው፤ ካልሆኑ እገልጻለሁ።

መነሻው

መሥራቹ የተወለደው በሰሜን ታይላንድ፣ በቺያንግ ማይ፣ በሐር ንግድ ከሚታወቅ ቤተሰብ ነው። ሥራ የጀመረው በፖሊስ መኮንንነት ነው። አሜሪካ ሄዶ በወንጀል ፍትሕ ዶክትሬቱን አግኝቶ ተመለሰ። የሞከራቸው የመጀመሪያ ንግዶች፣ የሐር ሱቅና ሲኒማ ቤት፣ አልሠሩለትም፤ ዕዳ ውስጥም ከተቱት። የሠራለት በ1983 የጀመረው፣ ኋላ ሺን ኮርፖሬሽን የሆነው የኮምፒውተር ንግድ ነው። ኮምፒውተር ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ያከራይ ነበር፤ ከደንበኞቹ አንዱም የገዛ አሠሪው የፖሊስ ተቋም ነበር። ፖሊስነቱን በሌተና ኮሎኔል ማዕረግ የተወው በ1987 ነው።

ይህ ንግድ ፖለቲካ ውስጥ ከመግባቱም በፊት የቆመው በመንግሥት ውል ላይ ነበር። ቀጥሎ የመጡት ትልልቅ ሥራዎችም እንደዚያው ናቸው። በ1990 ኤአይኤስ የሚባለው ቅርንጫፍ ኩባንያ ከመንግሥት የስልክ ድርጅት ጋር የ20 ዓመት የሞባይል ስልክ ኮንሴሽን ተፈራረመ፤ ውሉ በ1996 ወደ 25 ዓመት ተራዘመ። በ1991 ደግሞ የ30 ዓመት የሳተላይት ኮንሴሽን ተገኘ። ታይኮም 1 የተባለችው የአገሪቱ የመጀመሪያ ሳተላይት በታኅሣሥ 1993 መጠቀች።

የኮንሴሽኑ አሠራር ለቀሪው ታሪክ ቁልፍ ስለሆነ ትንሽ ላብራራው። ኩባንያው ኔትወርኩን በራሱ ገንዘብ ይሠራል። የተሠራው ነገር ባለቤትነት ወደ መንግሥት ድርጅቱ ይዛወራል። ከዚያ ኩባንያው በዚያው ኔትወርክ አገልግሎት እየሸጠ ከገቢው የተወሰነ መቶኛ ለድርጅቱ ያስገባል። የመንግሥት ድርጅቱ ታዲያ በአንድ ጊዜ አከራይም፣ ተቆጣጣሪም፣ ተወዳዳሪም ነው። የመቶኛው መጠን በአንድ ነጥብ ከፍ ወይም ዝቅ ሲል ብዙ ሚሊዮን ባት (የታይላንድ ገንዘብ) ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው ይዛወራል። ያን መቶኛ የሚቀይረው ደግሞ በሚኒስትር ሥር ያለ መሥሪያ ቤት ነው።

መሥራቹ ወደ ፖለቲካ የገባው በ1994 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኖ ነው። የመንግሥት ኮንሴሽን ያለው ሰው ሚኒስትር መሆን አይችልም የሚል ክርክር ተነስቶ ከጥቂት ወራት በኋላ ለቀቀ። ቆይቶ በሁለት መንግሥታት ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። በ1998 የራሱን ፓርቲ አቋቋመ፤ ፓርቲው በጥር 2001 ምርጫ ከ500 መቀመጫ 248ቱን አሸነፈ።

ችግሩ

የ1997ቱ ሕገ መንግሥት ለሚኒስትሮች የአክሲዮን ይዞታ ጥብቅ ገደብ አስቀምጦ ነበር። ስለዚህ መሥራቹ ሥልጣን ከመያዙ በፊት፣ በመስከረም 2000፣ እሱና ሚስቱ አክሲዮናቸውን በተመዘገበበት የ10 ባት ዋጋ ለልጃቸውና ለቅርብ ዘመዶቻቸው አስተላለፉ። የኩባንያው የዕለት ተዕለት አመራር በባለሙያ ሥራ አስኪያጆች እጅ ቀረ። በወረቀት ላይ ባለሥልጣኑና ኩባንያው ተለያዩ።

መለያየቱ እውነተኛ ነው ወይ የሚለው ጥያቄ ግን ገና ከመጀመሪያው ቀን ተነሳ። በታኅሣሥ 2000 የአገሪቱ የፀረ ሙስና ኮሚሽን፣ መሥራቹ በ1997 ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትር ሳለ ሀብቱን ደብቋል ብሎ ወሰነ። የተደበቀው አክሲዮን የተመዘገበው በቤት ሠራተኛውና በሾፌሩ ጭምር ስም ነበር። ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤቱ ነሐሴ 3 ቀን 2001 በ8 ለ7 ድምፅ ነጻ አወጣው። በዚያን ጊዜ ጠቅላይ ሚኒስትር ከሆነ ስድስት ወር ሊሞላው ምንም አልቀረውም።

ነጻ መውጣቱ ለመሥራቹ እፎይታ ነበር፤ ለኩባንያው ግን ሌላ ትርጉም ነበረው። ጥያቄውን የሚዘጋ ግልጽ የባለቤትነት ማረጋገጫ ሳይሰጥ፣ በአንድ ዳኛ ድምፅ ብልጫ ታለፈ። ከዚያ በኋላ ካቢኔው ስለ ስልክ፣ ስለ ሳተላይት ወይም ስለ ቴሌቪዥን በወሰነ ቁጥር ይኸው ጥያቄ እንደገና ይነሳ ነበር።

ከ2001 እስከ 2005፦ ትርፉ ከየት መጣ

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ሁለት ነገሮች አብረው ስለሆኑ። የመጀመሪያው ገበያው ራሱ ነው። በ2000 በታይላንድ የነበሩት የሞባይል ደንበኞች 3 ሚሊዮን ገደማ ብቻ ነበሩ። ቅድመ ክፍያ ሲም ካርድ ሲስፋፋና የቀፎ ዋጋ ሲወርድ ቁጥሩ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተተኮሰ። በ2005 መጨረሻ ኤአይኤስ ብቻውን ከ16 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች ነበሩት። ይህ ዕድገት ጠቅላይ ሚኒስትሩ ማንም ቢሆን አብዛኛው ይመጣ ነበር። ኩባንያው በሚገባ የሚመራ፣ ጥሩ ኔትወርክ ያለውና ገበያውን አስቀድሞ የያዘ ነበር። ይህን መካድ ፍትሐዊ አይሆንም።

ሁለተኛው ውሳኔዎቹ ናቸው። በግንቦት 2001 የመንግሥት የስልክ ድርጅቱ ከኤአይኤስ የቅድመ ክፍያ ገቢ የሚያገኘው ድርሻ ከ25 በመቶ ወደ 20 በመቶ ወረደ። ገበያው ሙሉ በሙሉ ወደ ቅድመ ክፍያ እየሄደ በነበረበት ሰዓት የተደረገ ቅናሽ ነው። በኅዳር 2001 የወጣው የቴሌኮም ሕግ ደግሞ በዘርፉ የውጭ ባለቤትነትን ወደ 25 በመቶ ገደበ። የውጭ ሸሪክ ይዘው ለመግባት ወይም ለማደግ ለሚፈልጉ ተወዳዳሪዎች ይህ ከባድ ነበር።

በጥር 2003 የመጣውን የኤክሳይዝ ታክስ ጉዳይ ለይቼ የማየው አሠራሩ ረቀቅ ያለ ስለሆነ ነው። መንግሥት በሞባይል አገልግሎት ላይ 10 በመቶ ኤክሳይዝ ጣለ። ሲሰማ በኩባንያዎቹ ላይ የተጫነ ሸክም ይመስላል። ነገር ግን ካቢኔው የኮንሴሽን ባለቤቶች የከፈሉትን ታክስ ለመንግሥት የስልክ ድርጅቱ ከሚከፍሉት ድርሻ ላይ እንዲቀንሱ ፈቀደ። ስለዚህ ኤአይኤስ የሚከፍለው ጠቅላላ መጠን አልተቀየረም። የተጎዳው በአንድ በኩል ገቢው የቀነሰበት የስልክ ድርጅቱ፣ በሌላ በኩል ወደፊት ያለ ኮንሴሽን በፈቃድ የሚገባ አዲስ ተወዳዳሪ ነበር፤ እሱ የሚቀንስለት ነገር ስለሌለ ታክሱን ከኪሱ ይከፍላል። የታክስ ፖሊሲ የመግቢያ በር መዝጊያ ሊሆን እንደሚችል የሚያሳይ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

በ2004 ደግሞ የታይላንድ የወጪና ገቢ ንግድ ባንክ ለማይናማር መንግሥት 4 ቢሊዮን ባት በአነስተኛ ወለድ አበደረ። ከዚያ ብድር የተወሰነው ከሺን የሳተላይት ኩባንያ ዕቃና አገልግሎት ለመግዣ ዋለ። በዚያው ዓመት ሺን በሳተላይት ኩባንያው ውስጥ ሊኖረው የሚገባው ዝቅተኛ ድርሻ ከ51 ወደ 40 በመቶ እንዲወርድ ተፈቀደ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ሕገ መንግሥቱ ያዘዘው ገለልተኛ የቴሌኮም ተቆጣጣሪ አልተቋቋመም ነበር። የተቋቋመው በ2004 መጨረሻ ነው። የዘርፉ ደንብ በሚወሰንባቸው ወሳኝ ዓመታት ውስጥ ዳኛው ወንበር ላይ አልነበረም።

መሥራቹ ክሶቹ ፖለቲካዊ ናቸው ሲል ቆይቷል። እኔ በበኩሌ እያንዳንዱ ውሳኔ ከላይ ታዞ ነበር ማለት አስፈላጊ አይመስለኝም። የስልክ ድርጅቱ ኃላፊ የኩባንያው መሥራች ጠቅላይ ሚኒስትር መሆኑን ያውቃል። የውል ማሻሻያ ጥያቄ ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጥ ማንም ሳይደውልለት ይህን ያውቃል። በባለሥልጣን ኩባንያ ላይ የሚደረገው ምርመራ አብዛኛውን ጊዜ የሚስተው ይህን ነው፤ ትዕዛዝ ሲፈልግ ዝምታው ያልፈዋል።

በታይላንድ ላይ የተሠሩ የፋይናንስ ጥናቶችም ባለቤቶቻቸው በዚያ ዘመን ከፍተኛ ሥልጣን የያዙ ኩባንያዎች የገበያ ዋጋቸው ከሌሎቹ በልጦ መጨመሩን አሳይተዋል። ስለዚህ በአጭር ጊዜ ሲታይ ፖለቲካው ለሺን ባለአክሲዮኖች አትርፏል።

የጣቢያው ዕጣ

በቡድኑ ውስጥ ካሉት ንግዶች ሁሉ ብዙ የሚያስተምረው ትንሹ ነው ብዬ አምናለሁ። አይቲቪ የተባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ የተወለደው በ1992 ባንኮክ ውስጥ በሰላማዊ ሰልፈኞች ላይ ከደረሰው ግድያ በኋላ ነው። የዚያን ጊዜ ጣቢያዎች በመንግሥትና በጦሩ እጅ ስለነበሩ የሆነውን አልዘገቡም። ከመንግሥት ነጻ የሆነ፣ ቢያንስ 70 በመቶ ዜናና ቁም ነገር የሚያቀርብ ጣቢያ እንዲኖር ተወሰነ። አይቲቪ በ1996 ሥራ ጀመረ። የኮንሴሽን ክፍያው ከባድ ነበር፤ በዓመት እስከ 1 ቢሊዮን ባት ይደርስ ነበር። ውሉን የሰጠው የጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ነው።

ሺን ጣቢያውን የገዛው በ2000 ሲሆን መሥራቹ በሚቀጥለው ዓመት ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። በዚያ ሰሞን ጣልቃ ገብነት አለ ብለው የተቃወሙ ከ20 በላይ ጋዜጠኞች ከሥራ ተባረሩ። ነገሩን አስቡት፦ ክፍያ የሚጠይቀው መሥሪያ ቤት የሚመራው የከፋዩ ኩባንያ መሥራች ነው። በጥር 2004 የግልግል ዳኞች የጣቢያው ክፍያ ወደ 230 ሚሊዮን ባት እንዲወርድና የዜናው ድርሻ ከ70 ወደ 50 በመቶ እንዲቀንስ ወሰኑ። ጣቢያው ሌሎች ጣቢያዎች ከመንግሥት ያገኙትን ጥቅም በመጥቀስ ያቀረበው ክርክር በራሱ መሠረት የሌለው አልነበረም። ክፍያውም በእርግጥ ከአቅም በላይ ነበር። ነገር ግን ከማን ጋር ተከራክሮ አሸነፈ የሚለውን ጥያቄ ማንም ሊያልፈው አልቻለም።

ውሳኔው ሁለት ዓመት ከጥቂት ወር ብቻ ቆየ። በግንቦት 2006 የአስተዳደር ፍርድ ቤቱ ሻረው፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ የበላይ ፍርድ ቤቱ መሻሩን አጸና። ጣቢያው ያልከፈለውን ክፍያ ከቅጣት ጋር ሲደመር ወደ 100 ቢሊዮን ባት ተጠየቀ። የትኛውም የቴሌቪዥን ጣቢያ ሊከፍለው የማይችል ገንዘብ ነው። በመጋቢት 2007 ኮንሴሽኑ ተሰረዘ። በጥር 2008 በቦታው የሕዝብ ቴሌቪዥን ተተካ።

ጣቢያው ከሞተ በኋላ እንኳ አክሲዮኑ አላረፈም። በ2023 ምርጫ ብዙ መቀመጫ ያሸነፈው ፓርቲ መሪ ከቤተሰቡ የወረሰው ጥቂት የአይቲቪ አክሲዮን አለው ተብሎ ከምክር ቤት ሥራው ታገደ። በጥር 2024 ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤቱ፣ አይቲቪ የመገናኛ ብዙኃን ሥራ ካቆመ ቆይቷል በማለት ነጻ አወጣው።

ሽያጩ

በ2005 ተቃውሞው እየበረታ ሲሄድ ቤተሰቡ ከኩባንያው ለመውጣት ወሰነ። እንደ ሐሳብ ትክክል ነበር፤ የጥቅም ግጭቱን ከሥሩ የሚነቅለው ይህ ነው። አፈጻጸሙ ግን ሁሉንም ነገር አበላሸ።

የውጭ ባለቤትነት ጣሪያውን ከ25 ወደ 49 በመቶ የሚያሳድገው የሕግ ማሻሻያ በሥራ ላይ የዋለው ጥር 21 ቀን 2006 ነው። ጥር 23 ቀን ቤተሰቡ 49.6 በመቶ የሆነውን ድርሻ የሲንጋፖር መንግሥት የኢንቨስትመንት ድርጅት ለሆነው ለተማሴክ ቡድን ሸጠ። ዋጋው 73.3 ቢሊዮን ባት ነበር፤ አንዱ አክሲዮን በ49.25 ባት። በአክሲዮን ገበያ የሚሸጥ ግለሰብ በትርፉ ላይ ግብር ስለማይከፍል ከዚህ ሁሉ ገንዘብ የገቢ ግብር አልተከፈለም። ከሽያጩ ጥቂት ቀናት በፊት ደግሞ በብሪቲሽ ቨርጂን ደሴቶች የተመዘገበ ድርጅት የያዘውን አክሲዮን ለመሥራቹ ልጆች አንዱን በ1 ባት ሸጦላቸው ነበር። ልጆቹ ያንኑ አክሲዮን በ49.25 ባት ሸጡት። ይህን በተመለከተ የተነሳው የግብር ክርክር ከ10 ዓመት በላይ ዘልቋል።

ከግብር የነጻው ሽያጭ በራሱ በሕጉ የተፈቀደ መሆኑ አልረዳም። ታክሲ ነጂውና ጉልት ቸርቻሪዋ በየዕለቱ ግብር ሲከፍሉ የጠቅላይ ሚኒስትሩ ቤተሰብ በ73 ቢሊዮን ላይ ምንም አልከፈለም የሚለው ወሬ በአንድ ሳምንት ውስጥ አገሩን ሞላው። ተቃዋሚዎች የኤአይኤስን ሲም ካርድ እንጣል ብለው ዘመቻ ጀመሩ፤ በሲንጋፖር ኤምባሲ ፊት ለፊትም ሰልፍ ወጡ። ሳተላይቱና የስልክ ኔትወርኩ ለውጭ መንግሥት ተሸጠ የሚለው ስሜት ከግብሩ ቁጣ ጋር ተቀላቀለ።

የካቲት 24 ቀን ምክር ቤቱ ተበተነ። በሚያዝያ የተደረገው ምርጫ ዋናዎቹ ተቃዋሚ ፓርቲዎች ሳይሳተፉበት ቀርተው ቆይቶም ተሰረዘ። መስከረም 19 ቀን 2006 ጦሩ ሥልጣን ያዘ። አገር በአንድ የአክሲዮን ሽያጭ ምክንያት ብቻ መፈንቅለ መንግሥት ውስጥ ገባ ማለት አይቻልም፤ ሌላም ብዙ ምክንያት ነበር። ነገር ግን የተበታተነውን ቅሬታ ያሰባሰበው ይህ ሽያጭ ነው።

በዚህ ምዕራፍ ውስጥ አንዲት ሴት አለች። የሚዲያ ነጻነት ተሟጋች ነች፤ በ2003 ለጋዜጣ በሰጠችው አስተያየት ከመንግሥት ፖሊሲ ዋና ተጠቃሚው ሺን ነው አለች። ኩባንያው በስም ማጥፋት ወንጀል ከሰሳት፤ በፍትሐ ብሔርም 400 ሚሊዮን ባት ጠየቀባት። አንድ ደሞዝተኛ በዕድሜ ልኩ ሠርቶ ሊከፍለው የማይችል ገንዘብ ነው። በመጋቢት 2006፣ ሽያጩ ባንኮክን ባናወጠበት ወቅት፣ ፍርድ ቤቱ ነጻ አወጣት። ኩባንያው ዝም ቢል ኖሮ አስተያየቷ በአንድ ጋዜጣ ላይ ቀርቶ ነበር። ክሱ ዓለም አቀፍ ዜና አደረገው። የመክሰሱን ውሳኔ ተገቢነት በየትኛውም መለኪያ ላገኘው አልቻልኩም።

ሒሳቡ ሲወራረድ

ከመፈንቅለ መንግሥቱ በኋላ የተቋቋመው የሀብት መርማሪ ኮሚቴ በ2007 የቤተሰቡን ገንዘብ አገደ። የካቲት 26 ቀን 2010 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ከታገደው 76.6 ቢሊዮን ባት ውስጥ 46.37 ቢሊዮኑ እንዲወረስ ወሰነ። ፍርድ ቤቱ ያገኘው ሁለት ነገር ነው፦ አክሲዮኑ በሌሎች ስም ቢሆንም እውነተኛ ባለቤቶቹ መሥራቹና ሚስቱ ነበሩ፤ የቅድመ ክፍያ ቅናሹን፣ ኤክሳይዙን፣ የሳተላይቱን ጉዳይና የማይናማርን ብድር ጨምሮ የተወሰዱት እርምጃዎች ኩባንያውን ጠቅመዋል።

ስሌቱን ልብ በሉ። ፍርድ ቤቱ አክሲዮኑ መሥራቹ ሥልጣን ሊይዝ ሲል የነበረውን ዋጋ ለይቶ ለቤተሰቡ ተወ። የወረሰው በሥልጣን ዘመን የጨመረውን ዋጋና የተከፈለውን የትርፍ ድርሻ ነው። ከታገደው ገንዘብ ወደ 60 በመቶ ይሆናል። ይህ አካሄድ ጉድለት አለው፤ ቀደም ብዬ እንዳልኩት የዚያ ዕድገት ትልቁ ክፍል ከገበያው የመጣ ነው፤ ፍርዱ የተሰጠውም መፈንቅለ መንግሥት ከጀመረው ሂደት ውስጥ ነው፤ ይህም እስከ ዛሬ ያከራክራል። ነገር ግን ባለቤቱ ሥልጣን ላይ ሳለ ኩባንያው በሐቅ ያፈራውን ትርፍ እንኳ ከጥቅሙ ለይቶ ማሳየት አለመቻሉ ራሱ የደረሰበት ጉዳት ነው። ሐቀኛው ትርፍ ከተጠረጠረው ጋር ተወረሰ።

ገዢውም አልዳነም። የአክሲዮኑ ዋጋ ከገዛበት በእጅጉ ወረደ። ግዢው የተዋቀረበት መንገድ የውጭ ባለቤትነትን ሕግ ለማለፍ ነው ተብሎ በንግድ ሚኒስቴር ተመረመረ። ሺን የታይላንድ ኩባንያነቱ ስላጠያየቀ ድርሻ ከነበረው የአነስተኛ ዋጋ አየር መንገድም ወጣ። የንግድ ስሙም የመሥራቹን ቤተሰብ ስም የሚያስታውስ በመሆኑ በ2011 ወደ ኢንታች ተቀየረ፤ የሳተላይት ኩባንያው ስም ቀደም ብሎ ወደ ታይኮም ተቀይሮ ነበር።

የሠራውና ያልሠራው

ባለሙያ አመራሩ ሠርቷል። ኤአይኤስ ከመፈንቅለ መንግሥቱም፣ ከባለቤት ለውጡም፣ ከዘመቻውም ተርፏል። አገሪቱ ከኮንሴሽን ወደ ፈቃድ አሠራር ስትዞር በ2012 በተደረገው የ3ጂ ጨረታ ተወዳድሮ ድርሻውን አገኘ፤ ኮንሴሽኑ በ2015 ሲያልቅም ከገበያው አልጠፋም። ደንበኛው የሚፈልገው ኔትወርክ ነበረው፤ ማንም መንግሥት ቢመጣ ያ አልተቀየረም።

አይቲቪ ግን በአንድ ባለቤት፣ በአንድ ዘመን፣ በአንድ የፖለቲካ ጥላ ሥር ሆኖ ሞተ። ልዩነቱ ኤአይኤስ ያለ ቅናሹም የሚያተርፍ መሆኑ፣ አይቲቪ ግን ሕልውናው በዚያ 230 ሚሊዮን ባት ውሳኔ ላይ የተንጠለጠለ መሆኑ ነው።

አክሲዮኑን ለቤተሰብ ማስተላለፉ አልሠራም። በሕግም፣ በሕዝብ ዘንድም፣ በመጨረሻም በፍርድ ቤት አልቆመም። ክሱ አልሠራም። ሽያጩ በጊዜው ቢደረግ፣ ማለትም መሥራቹ ለሥልጣን ከመወዳደሩ በፊት በ2000 ቢሆን፣ ምናልባት ሁሉንም ያድን ነበር፤ በስድስተኛው ዓመት፣ ሕጉ በተቀየረ በሁለተኛው ቀን ሲሆን ግን ለኩባንያውም ለአገሩም አደጋ ሆነ።

ከጉዳዩ የሚወሰድ

የመጀመሪያው የመለኪያ ጉዳይ ነው። የባለሥልጣን ኩባንያ አፈጻጸም ባለሥልጣኑ ወንበር ላይ እያለ ብቻ ከተለካ መልሱ ሁልጊዜ ጥሩ ይሆናል። ሺን በ2005 ቢለካ ስኬት ነው፤ በ2010 ቢለካ ሌላ ነው። ከሥልጣን በኋላ ያሉት ቢያንስ አምስት ዓመታት በስሌቱ ውስጥ መግባት አለባቸው። ቅርንጫፎቹንም ለየብቻ ማየት ይገባል፤ የቡድኑ ጠቅላላ ትርፍ አይቲቪን ደብቆት ነበር።

ሁለተኛው ለዳይሬክተሮች ቦርድ ነው። መሥራቹ ወይም ሥራ አስፈጻሚው ለሥልጣን ሊወዳደር ሲነሳ ቦርዱ የመጀመሪያ ሥራው ከመንግሥት ጋር ያሉትን ውሎች በሙሉ በአንድ ወረቀት ላይ መዘርዘር ነው። ከእያንዳንዱ ጎን ውሉ ቢሻሻል ማን ይጠቀማል፣ ውሳኔውን የሚሰጠው ማን ነው የሚለው ይጻፋል። መሥራቹ ሥልጣን ላይ እስካለ ድረስ ከነዚያ ውሎች ማሻሻያ አለመጠየቅ ውድ ይመስላል። ሺን ያ ቅናሽ ሳይኖረው ቢያልፍ ኖሮ የሚያጣው፣ ኋላ ካጣው ጋር ሲወዳደር ትንሽ ነበር። ማሻሻያው የግድ ከሆነ ከመንግሥት ውጭ ባለ አካል ተመርምሮ፣ ምክንያቱ በይፋ ታትሞ፣ ተወዳዳሪዎችም እኩል ተጠቃሚ ሆነው መሆን አለበት።

ባለቤትነትን ለልጅ፣ ለወንድም ወይም ለአማች ማዛወር መለያየት አይደለም። ገለልተኛ ባለአደራ ወይም ከሥልጣን በፊት የሚደረግ ግልጽ ሽያጭ ካልሆነ ሌላው ሁሉ ችግሩን ወደፊት ያስተላልፈዋል እንጂ አይፈታውም።

ለአነስተኛ ባለአክሲዮኖች የምለው አለኝ፤ በተለይ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ጉዳዩ የእኛም ስለሆነ። ለሕዝብ የሚቀርበውን የአክሲዮን ሽያጭ መግለጫ ስታነቡ የኩባንያው ገቢ ምን ያህሉ በፈቃድ፣ በሊዝ፣ በውጭ ምንዛሪ ምደባ ወይም በመንግሥት ግዢ ላይ እንደቆመ ፈልጉ። ዋናዎቹ ባለቤቶች የፓርቲ ወይም የመንግሥት ኃላፊነት ካላቸው ያንን ገቢ አሁን ባለበት ሁኔታ ብቻ ሳይሆን ያ ሰው በሌለበት ዓመትም አስሉት። ሒሳቡ ያለ እሱ የማይሞላ ከሆነ የምትገዙት አክሲዮን ዕድሜው ከሰውዬው የሥልጣን ዘመን ጋር የታሰረ ነው፤ ዋጋውም በዚያ ልክ መቀነስ አለበት።

የቀረው ለገዢዎች ነው። ተማሴክ ልምድ ያለው ድርጅት ነበር፤ የኩባንያውን ኔትወርክ፣ ደንበኛና ገቢ መርምሯል ብዬ እገምታለሁ። ያልተመዘነው የሻጩ ማንነት ነው። ከባለሥልጣን ቤተሰብ ኩባንያ የሚገዛ ሰው ከግዢው በፊት ሦስት ነገር ቢያረጋግጥ ይጠቅመዋል፦ ያለፉት ዓመታት የውል ማሻሻያዎች መንግሥት ቢቀየር ይሻሩ እንደሆነ፣ ሽያጩን የሚፈቅደው ሕግ መቼና በማን እንደወጣ፣ ከሽያጩ ላይ ሻጩ የሚከፍለው ግብር በአደባባይ ቢነገር ሕዝቡ እንዴት እንደሚቀበለው። በ2006 ጥር ወር ባንኮክ ውስጥ ለሦስቱም መልሱ ይታወቅ ነበር፤ የሕጉን ቀንና የሽያጩን ቀን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይበቃ ነበር።